ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ወደ ግንባታ ሳይት ማስገባት፦ ለሰሜን ሸዋ ሥራ ተቋራጮች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ደብረ ብርሃን ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ለሚያቆም፣ መሐል ሜዳ ላይ የትምህርት ቤት ብሎክ ለያዘ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ መጋዘን ለሚሠራ መካከለኛ ሥራ ተቋራጭ ነው። ቢሮው ውስጥ አንድ ሁለት ኮምፒውተር፣ ሳይቱ ላይ አንድ ኢንጂነር፣ አንድ ፎርማንና አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይበቃል። ጡብ የሚደረድር ሮቦት ወይም የራስ ቁር ያላደረገውን ሠራተኛ የሚለይ ካሜራ የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ብዙ አያገኝም። እነዚያ መሣሪያዎች አሉ፣ በየአገሩም ይሠራሉ፤ ሻጮቻቸውም አንደበተ ርቱዕ ናቸው። በእኛ ሳይት ግን ሥራው የሚጀምረው ከዕለት መዝገቡ ነው። ያልተመዘገበ ሲሚንቶ፣ ያልተለካ አሸዋ፣ ቀኑ ያልተጻፈበት ፎቶ ለየትኛውም መሣሪያ አይጠቅምም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ደህና ካሜራ ያላቸው ሁለት ስልኮች፣ ኤክሴል ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ፣ አንድ ቴርሞሜትር። ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው ማግኘት ነው። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሆነው የቢሮ ኢንጂነሩ ነው። ባለቤቱ ራሱ ቢይዘው ግን ሥራው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚታወስ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ገንዘብ የሚፈስበትን አንድ ቦታ ይምረጡ

ያለፉትን ሦስት የክፍያ ሰርተፍኬቶች፣ የመጋዘን የወጪ ደረሰኞችንና የሠራተኛ ክፍያ ሰነዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይመልከቱ። ገንዘቡ የጠፋው የት ላይ ነው? ሲሚንቶ ከሚገባው በላይ በመውጣቱ ነው? የክፍያ ጥያቄ በወቅቱ ባለመቅረቡ ነው? ተሠርቶ በፈረሰ ሥራ ነው? ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይያዙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የያዘ ዕቅድ ሁለት ሳምንት አይቆይም።

የእኔ ምክር ከሲሚንቶና ከፌሮ እንዲጀምሩ ነው። ሁለቱም በቁጥር የሚገቡና የሚወጡ ስለሆኑ ለመቆጣጠር ይመቻሉ፤ መሣሪያው (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም) ሲሳሳትም ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ምሳሌ እንውሰድ። የሥራ ዝርዝሩ ለሲ-25 አርማታ (ሲ-25 የጥንካሬ ደረጃው ነው) በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ይላል እንበል። 30 ሜትር ኩብ የሶሌታ (የፎቅ ወለል) ሙሌት 10,800 ኪሎ፣ ማለትም 108 ኩንታል ይፈልጋል። ለብክነት 5 በመቶ ሲጨመር 113.4 ኩንታል ይሆናል። የመጋዘኑ ደረሰኝ 126 ኩንታል ወጥቷል ካለ፣ ከ12 ኩንታል በላይ ማብራሪያ ይፈልጋል። ይህ ልዩነት ስርቆት ነው ማለት አይደለም። የመለኪያ ሳጥኑ ተበላሽቶ፣ ቅርጹ (አርማታው የሚፈስበት ጣውላ) ተነፍቶ ወይም ለግንብ የወጣው በዚያው ደረሰኝ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ልዩነቱ ሙሌቱ በተካሄደበት ሳምንት መታወቁ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለሚ ላይ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ በዞናችን ውስጥ ሥራ ጀምሯል። «ሲሚንቶ ቅርብ ነው» የሚለው ስሜት ግን ብክነትን ሲያባብስ እንጂ ሲቀንስ አላየሁም።

ደረጃ 2፦ የዕለት መዝገቡን አንድ ወጥ ያድርጉ

ብዙ ድርጅቶች ይህን ደረጃ ዘልለው በቀጥታ ወደ መሣሪያው ይሄዳሉ፤ ከወር በኋላም «አይሠራም» ብለው ይተዉታል። የዕለት መዝገቡ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ ፎርማኑ ሥራ ከመዘጋቱ በፊት በአሥር ደቂቃ የሚሞላው መሆን አለበት። ናሙናው ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰኞ
ሳይት፦ ደብረ ብርሃን፣ ባለ አራት ፎቅ
የተሠራው፦ የ2ኛ ፎቅ ኮለን (ምሰሶ) ሙሌት፣ ከሀ-1 እስከ ሀ-4፣ ሲ-25፣ 3.2 ሜትር ኩብ
የወጣ ሲሚንቶ፦ 24 ከረጢት። የተመለሰ፦ የለም
የገባ ዕቃ፦ አሸዋ 1 ቢያጆ (የአንድ መኪና ጭነት)፣ የመኪናው ቁጥር በደረሰኙ ላይ
ሠራተኛ፦ 2 ግንበኛ፣ 3 ፌሮ ሠራተኛ፣ 14 የቀን ሠራተኛ
ሙቀት፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት 4 ዲግሪ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 18 ዲግሪ
የቆመ ሥራ፦ ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት መብራት ጠፍቶ ሚክሰሩ በጄኔሬተር ሠራ
ፎቶ፦ 3

ከቅጹ በላይ መስማማት የሚያስፈልገው በመለኪያዎቹ ላይ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ፣ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ መሆኑን እርስዎም ፎርማኑም ያውቃሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። አንዱ ቀን «12» በኩንታል፣ ሌላው ቀን «12» በከረጢት ከተጻፈ ሪፖርቱ ግማሽ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ይምረጡና ሌላውን ከሳይቱ ያግዱ። እኔ ከረጢትን እመርጣለሁ፤ ሰው ተሸክሞ የሚቆጥረው እርሱን ስለሆነ።

ቢያጆ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። የአንዱ ሲኖ ትራክ ጭነት ከሌላው ይለያል፤ በአፉ የተሞላውና ተስተካክሎ የተጫነውም እኩል አይደሉም። አሸዋና ጠጠር የሚያመጡልዎትን መኪናዎች አንድ ጊዜ ሳጥናቸውን በሜትር ለክተው ከሰሌዳ ቁጥራቸው ጋር ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ ፎርማኑ ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል፤ ሜትር ኩቡን ኤክሴል ያወጣዋል። የመለኪያ ሳጥኑንም እንዲሁ ይለኩ። ውስጡ 50 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 40 ሊትር ነው። ጎኑ ተሰብሮ በሌላ ጣውላ ሲጠገን ግን ልኩ ይቀየራልና በየወሩ እንደገና ይለካ። ፌሮን በቤርጋ (በአንድ ሙሉ ዘንግ) ይቁጠሩ። ኪሎውን ለማግኘት ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛትና ለ162 ማካፈል የአንድ ሜትር ክብደት ይሰጣል። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ በሜትር 0.888 ኪሎ፣ ባለ 12 ሜትሩ ቤርጋ ደግሞ 10.66 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ለፎቶ ሦስት ደንብ ይበቃል። ከአንድ ቋሚ ቦታ ይነሣ፤ ሰሌዳው ላይ ቀኑና የሥራው ቦታ በጠመኔ ተጽፎ በፎቶው ውስጥ ይግባ፤ ፌሮ ከመሸፈኑ በፊት ያለው ፎቶ በምንም ምክንያት አይዘለል። አብዛኛው ሳይት ፎቶውን በቴሌግራም ቡድን ይልካል፤ መልመድ ስለማያስፈልገው ይቀጥል። ነገር ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሣበትን ሰዓት የያዘው መረጃም ይጠፋል። በየሳምንቱ መጨረሻም የቢሮ ኢንጂነሩ ፎቶዎቹን በቀንና በቦታ ለይቶ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጥ፤ የሠርግ ጥሪና የቀልድ ቪዲዮ መሐል የተቀበረ የፌሮ ፎቶ ለክርክር ጊዜ አይደርስም።

ደረጃ 3፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በዓላቱን ያስተምሩት

እንደ ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይና ክሎድ ያሉ ረዳቶች በአብዛኛው የተማሩት ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በነባሪነት የሚያስቡትም በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት ሙሌት ይጀመር» ያሉትን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት አድርገው ሊያቅዱት ይችላሉ። ጳጉሜንንም ሊዘሏት ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ «ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በኢትዮጵያ ሰዓት ናቸው፤ አትቀይራቸው» በሚል ይጀምር። መቀየር ካስፈለገ በኤክሴል ሠንጠረዥ ይቀየር።

ከዚህ የባሰው የሥራ ቀናት ጉዳይ ነው። መሣሪያውን የሥራ መርሐ ግብር እንዲያወጣ ቢጠይቁት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ሁሉ የሥራ ቀን ሊያደርገው ይችላል። ጥር 12 ቀን 2018 ማክሰኞ ላይ ይውላል፤ በኮምፒውተሩ ዓይን ተራ ማክሰኞ ነው። መንዝ ውስጥ በቃና ዘገሊላ፣ በሚካኤል ዕለት ሶሌታ የሚሞላ ሠራተኛ የሚያገኝ ሥራ ተቋራጭ ካለ አድራሻውን ይላክልኝ። በወሩ 12፣ 19፣ 21፣ 27 እና 29 የትኛው ሳይት ምን ያህል ሰው እንደሚቀንስ ፎርማንዎ በቃሉ ያውቀዋል። ያንን ከእርሱ ተቀብለው በሠንጠረዥ ይጻፉ። ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባሉ ሳይቶች ደግሞ የዓርብ ስግደት ሰዓትንና የረመዷንን ወር ይጨምሩ። ከዚያ የመኸር ወቅት አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴውና ጤፉ ሲደርስ ከገጠር የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ሞረትና ጅሩ አካባቢ ሳይት ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ዝናቡም አንድ ወጥ አይደለም። መሣሪያው «በኢትዮጵያ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው» ብሎ ያቅድልዎታል፤ መንዝና ደብረ ሲና ላይ ግን በልግ አለ። የመሠረት ቁፋሮን መጋቢት ላይ ያለ ጥንቃቄ የሚያስቀምጥ መርሐ ግብር ጉድጓዱን ውኃ ይሞላዋል።

ይህን ሁሉ «የሳይቱ ጠባይ» የሚል ስም ሰጥተው በአንድ ገጽ ይጻፉና ያስቀምጡት፤ ከዚያ በየጥያቄው መጀመሪያ ላይ ይለጥፉታል። የመጀመሪያው ወር ትልቁ ትርፍ ይህ ገጽ ይመስለኛል፤ ቀድሞ በፎርማኑ ጭንቅላት ብቻ የነበረ ነገር በጽሑፍ ሰፍሯልና።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን ይምረጡና ይፈትኑት

ለመጀመር ልዩ የግንባታ ሶፍትዌር አይግዙ። ከላይ ከጠቀስኳቸው አጠቃላይ ረዳቶች አንዱ ከኤክሴል ጋር ለስድስት ወር ይበቃዎታል። የተሻሉት እትሞች የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ከመጀመርዎ በፊት ባንክዎ ለእንዲህ ያለ ክፍያ የሚሆን ካርድ እንዳለው ይጠይቁ። እስከዚያ በነፃው ይሞክሩ። ነገር ግን ነፃ በሆነው አገልግሎት ላይ የሚያስገቡት ሰነድ ለመሣሪያው ማሠልጠኛ ሊውል እንደሚችል ይወቁ። በቅንብሩ ውስጥ ይህን የሚከለክል ምርጫ ካለ ያብሩት፤ ያልተከፈተ የጨረታ ዋጋ ግን በየትኛውም ቢሆን አያስገቡ።

አንድ ረዳት ከመቀጠሩ በፊት ይፈተናል። መልሳቸውን እርስዎ የሚያውቋቸውን ጥያቄዎች ይስጡት፦ ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ቤርጋ ስንት ኪሎ ይመዝናል? 30 ሜትር ኩብ በ360 ኪሎ ስንት ኩንታል ነው? ጥር 12 ቀን 2018 በጎርጎርዮሳውያን ስንት ቀን ይውላል? መልሶቹ 10.66 ኪሎ፣ 108 ኩንታልና ጃንዋሪ 20 ቀን 2026 መሆን አለባቸው። በተለያየ ቀን ደጋግመው ይጠይቁት፤ አንዴ ትክክል መልሶ በማግስቱ ሊስት ይችላል። በዚህም ምክንያት የመጨረሻውን ስሌት ሁልጊዜ ኤክሴል ይሥራው። ረዳቱ ቀመሩን ይጻፍልዎት፣ የተዘበራረቀውን መዝገብ ወደ ሠንጠረዥ ይቀይርልዎት፤ ማባዛትና መደመሩን ግን ለእርሱ አይተዉ።

የድምፅ ነገር ብዙ ሰው ያጓጓል። ፎርማኑ ከመጻፍ ይልቅ መናገር ይመርጣልና የድምፅ መልእክቱን ወደ ጽሑፍ መቀየር ይቻላል። የአማርኛው ጥራት ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም ሚክሰር በሚያጓራበት ሳይት «ስልሳ» እና «ሠላሳ» ለሰው ጆሮ እንኳ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ በድምፅ የሚላክ ቁጥር በተናጠል ይነገር፤ «ስልሳ፣ ስድስት ዜሮ» ተብሎ። የተጻፈውንም ፎርማኑ ራሱ በዚያው ምሽት አይቶ ያጽድቀው።

ኔትወርክና መብራት እንደሚጠፉ አስቀድመው ያስቡ። መዝገቡ በወረቀት ይሞላ፣ ምሽት ላይ ወደ ኤክሴል ይግባ፣ ረዳቱ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ መስመር ባለበት ሰዓት ይጠየቅ። ሥራው በየደቂቃው ኢንተርኔት የሚፈልግ ሆኖ ከተዋቀረ፣ መስመሩ ለሳምንታት የተቋረጠ ዕለት ሁሉም ነገር አብሮ ይቆማል። ይህ በአካባቢያችን የታየ ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ሳምንታዊ ጥያቄ ይጠይቁ

ሠንጠረዡን ከለጠፉ በኋላ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

«ይህ የአንድ ሳምንት የሲሚንቶ ወጪና የአርማታ ሥራ ሠንጠረዥ ነው። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ አትቀይራቸው። 1 ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ለሲ-25 በሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ለብክነት 5 በመቶ ውሰድ። በእያንዳንዱ ቀን የሚገባውን፣ የወጣውንና ልዩነቱን የሚያሳይ የኤክሴል ቀመር ጻፍልኝ። የጎደለ ቁጥር ካለ 'የለም' ብለህ ተወው፤ ግምት አታስገባ። ልዩነቱ ከ3 ከረጢት የሚበልጥባቸውን ቀናት ለይተህ ለፎርማኑ የሚቀርብ አጭር ጥያቄ አዘጋጅ። ምክንያቱን አንተ አትገምት።»

የመጨረሻዋ መስመር ትርፍ አይደለችም። እነዚህ ረዳቶች ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ናቸው። ምክንያት ካልተከለከሉ «ሲሚንቶው ሳይሰረቅ አልቀረም» የሚል ዓረፍተ ነገር በጨዋ አማርኛ ጽፈው ይሰጡዎታል፤ ያ ወረቀት በመጋዘን ሠራተኛው እጅ ቢገባ ከ12 ኩንታል ሲሚንቶ የበለጠ ያስከፍላል።

የ360 ኪሎው ቁጥር የእርስዎ ውል የሚለው መሆኑን ያረጋግጡ። በላቦራቶሪ የተሠራ የድብልቅ ንድፍ ካለዎት የዚያን ቁጥር ያስገቡ። የ5 በመቶ ብክነትም የእኔ መነሻ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የራስዎ ሳይት እውነተኛውን ቁጥር ይነግርዎታል።

ጥያቄው ለፎርማኑ የሚቀርበው በኢንጂነሩ አፍ፣ ፊት ለፊት ነው። «ጋሼ፣ ማክሰኞ የወጣው ሲሚንቶ ከሙሌቱ ስድስት ከረጢት ይበልጣል፤ ሌላ የገባበት ሥራ ነበር?» ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፦ ሦስቱ ለብሎኬት ግንብ፣ ሁለቱ ለልስን፣ አንዱ በዝናብ ረጥቦ የደረቀ። እነዚህ ከተመዘገቡ የሚቀጥለው ሳምንት ሠንጠረዥ ይጠራል። ካሜራ ቢተከል ኖሮ ይህን ወሬ ማንም አይነግርዎትም ነበር።

ደረጃ 6፦ ሰነድ ማንበብና ደብዳቤ መጻፍ

ሲሚንቶው ከተያዘ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይህ ይሁን። መሣሪያው በፍጥነት የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። የሁለት መቶ ገጽ የጨረታ ሰነድ ሰጥተው የትኞቹ ሰነዶች መቅረብ እንዳለባቸው፣ ዋስትናው ስንት እንደሆነ፣ ጊዜ የተገደበባቸው ማሳወቂያዎች የትኞቹ እንደሆኑ መጠየቅ የአንድ ቀን ድካም ያቀልልዎታል። ከዕለት መዝገቡ የተነሣ፣ ለአማካሪው የሚላክ የሥራ መጓተት ማሳወቂያም በደቂቃ ይረቀቃል።

አደጋው የሌለ አንቀጽ መፍጠሩ ነው። «በውሉ አንቀጽ ይህን ያህል መሠረት» የሚል ሐረግ በድፍረት ይጽፋል፤ ሲገልጡት አንቀጹ ስለ ሌላ ነገር ይናገራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልስ የገጽ ቁጥርና የሰነዱን ቃል በቀጥታ እንዲጠቅስ ያዝዙት፤ ከዚያ ገጹን ራስዎ ገልጠው ያንብቡ። ተጠቅሶ በሰነዱ ያልተገኘ ዓረፍተ ነገር ካለ ያ ደብዳቤ አይወጣም። በስልክ የተነሣ ደብዛዛ የአማርኛ ሰነድ ላይ ደግሞ ረዳቱ ብዙ ፊደል ይስታል፤ «ሺህ» እና «መቶ» በፊደል የተጻፉባቸውን ገጾች በተለይ ይመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ብርዱንና ሙቀቱን ያስሉበት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ነዎት። አንድ ሥራ ተቋራጭ ጠዋት ውርጭ ያየ አርማታ ትቶ ከቀትር በኋላ በሙቀት የሚሰነጠቅ አርማታ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የአየር ትንበያ ሶፍትዌሮች ሰፊ ቦታን አማካይ አድርገው ስለሚያሰሉ እንደዚህ ያለ ገደል ያደናግራቸዋል፤ ለከተማው የሰጡት ሙቀት ለሳይትዎ ላይሠራ ይችላል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ ይከታተሉ፤ ከዚያም በላይ ሳይቱ ላይ የሰቀሉትን ቴርሞሜትር ይመኑ።

ከኅዳር እስከ ጥር የደብረ ብርሃን ሌሊት ዜሮ ዲግሪን ሊነካ ይችላል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሲሚንቶ የሚጠነክርበት ፍጥነት በጣም ይቀንሳል፤ ገና ያልጠና አርማታ ውስጥ ያለው ውኃ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጉዳቱ በኋላ ውኃ በማጠጣት አይመለስም። ረዳቱ ግን «በ7ኛው ቀን ቅርጹን ማንሳት ይቻላል» ሲልዎት በልቡ የያዘው ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ነው። የጠዋትና የማታ ንባብዎን ሰጥተው የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ይጠይቁት፤ ቅርጽ የሚነሳበትን ቀን ግን የሚወስነው የናሙና ኩቦቹ (ለጥንካሬ ምርመራ የተሞሉ የአርማታ ቁራጮች) ውጤትና መሐንዲሱ ነው። በተግባር፦ ሙሌት በጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይጀመር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይጀመር፣ ማታ በፕላስቲክና በላዩ በጭድ ወይም በጆንያ ይሸፈን፣ ውኃ የሚጠጣው ቀን ቀን ብቻ ይሁን። ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በማለዳ ወይም ወደ ምሽት ይሞላል፣ ወዲያው ተሸፍኖ ሳይቋረጥ ውኃ ይጠጣል።

ደረጃ 8፦ ለመሣሪያው የማይሰጡ ሥራዎች

የፌሮ መጠን፣ የመሠረት ጥልቀትና የአፈር አቅም በረዳት አይወሰኑም። ምክንያቱ የመሬታችን ጠባይ ነው። እነዋሪና ደነባ አካባቢ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በፎቶ ሲታይ ግን የትኛውንም ጥቁር አፈር ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ይህ ሁሉ በአንድ ዞን ውስጥና በአጎራባቹ ነው። ዲዛይኑ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኢትዮጵያ የግንባታ ስታንዳርድ፣ በተለይም ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚናገረውን ኢኤስ ኢኤን 1998ን ተከትሎ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ይሠራል፤ በቦታው የአፈር ምርመራም ይደገፋል።

የስንጥቅ ፎቶ አስገብቶ «ይህ አደገኛ ነው?» ብሎ መጠየቅም በዚሁ ይመደባል። ረዳቱ የሚሰጠውን ዝርዝር ለመሐንዲሱ እንደ ጥያቄ ያቅርቡት፣ ከዚያ አያሳልፉት። አሸዋውንም በፎቶ አይፈትንም። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውኃ በጥብጦ አስቀምጦ የደለሉን ውፍረት መለካት አሁንም ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ከ6 በመቶ የሚያልፍ ከሆነ ይታጠባል ወይም ይመለሳል።

ደረጃ 9፦ ካሜራ፣ ድሮንና ሕጉ

በአጭሩ ድሮን ይተዉት። ማስገባትም ማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ጨምሮ የሚመለከታቸው አካላት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከፈቃዱም ባሻገር በዚህ ጊዜ በሰሜን ሸዋ ሰማይ ላይ የድሮን ድምፅ ለሰው ምን እንደሚያስታውስ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የጣሪያ ሥራን ከአጠገቡ ሕንፃ ላይ በስልክ ማንሳት ይበቃል።

ፊት የሚለይ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሊሸጥልዎት የሚመጣ ካለ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ያንብቡ። የሠራተኛ የፊት ምስል ጥበቃ የሚደረግለት የግል መረጃ ነው፤ ለምን እንደሚሰበሰብና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ማስረዳት ይኖርብዎታል። በዚያው ዓመት ሰኔ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲም አለ፤ ለሳይት ፎርማን ግን የሚነግረው ብዙ ነገር የለውም።

ደረጃ 10፦ ሰዎቹን ከመሣሪያው በፊት ያዘጋጁ

ፎርማኑና የመጋዘን ሠራተኛው አዲሱን መዝገብ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት በልባቸው ነው፦ «ይህ ነገር እኔን ለማስያዝ ነው?» ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከሠንጠረዡ በተገኘ ልዩነት ምክንያት ማንም ደመወዙ እንደማይቆረጥ በግልጽ ይናገሩ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። በዚህ ወር የሚገኘው እውነተኛ መረጃ ከማንኛውም ቅጣት ይበልጣል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ አንዱን ለኤክሴሉና ለረዳቱ ሥራ መመደብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከፎርማኑ ጋር ሳጥን እየለካ፣ ቤርጋ እየቆጠረ እንጂ ቢሮ ተቀምጦ አይሁን።

በወሩ መጨረሻ ሦስት ነገር ይመዝኑ፦ በሚገባውና በወጣው ሲሚንቶ መካከል ያለው ልዩነት ጠቧል? የክፍያ ጥያቄው ከቀድሞው ስንት ቀን ቀድሞ ቀረበ? መዝገቡ ሳይሞላ ያለፈው ቀን ስንት ነው? ሦስተኛው ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ሁለቱን አይመኑ፤ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ቅጹን ያሳጥሩ። ሁለተኛ ሳይት ላይ ሲጀምሩ የደብረ ብርሃኑን «የሳይቱ ጠባይ» ገጽ ገልብጠው አይውሰዱ። የመሐል ሜዳው ወይም የሸዋ ሮቢቱ ፎርማን የራሱን በዓላት፣ የራሱን ዝናብና የአሸዋ አምጪዎቹን መኪናዎች ልክ ከባዶ ገጽ ጀምሮ ይጻፍ።